የሹክሪ እጅ

ፊልሙን ያያችሁ ሰዎች «ከዚያስ በኋላ ምን ሆናችሁ?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ልመልስላችሁ ስንት ጊዜ ጀምሬ ደክሞኝ ተውኩት። ዛሬ ውጭው ዝናብ ነው፤ ሹክሪም ምሳውን በልቶ ተኝቷል። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኢናስ እባላለሁ፤ የእስክንድርያ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ዘጋቢ ፊልም ነው ይባላል እንጂ ጉልበቴን የጨረስኩት የሰው ሠርግ ስቀርጽ ነው። ያን ዓመት ሠላሳ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። ከባሌ ከተፋታሁ ሦስት ዓመት፣ እናቴን አስታምሜ ከቀበርኩ አምስት ወር። ሰው አጠገቤ ሲስቅ እንኳ ይደክመኝ ነበር።

ረሽዋን የሚባል የካይሮ ፕሮዲዩሰር ደወለልኝ። ከአእምሮ ሕመም ጋር ስለሚኖሩ ሙዚቀኞች ፊልም ማሠራት ፈልጓል።

«ኡድ ተጫዋቹን ሹክሪን ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

ማን ይረሳዋል? ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ የሦስት ደቂቃ ተራ ተሰጥቶት አርባ ደቂቃ ተጫወተ። ጓደኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው እያዩት ነበር። በመጨረሻ ኡዱን፣ ያን ሆደ ሰፊ ክራሩን፣ አቅፎ አለቀሰ፤ ደግፈው አወረዱት። በማግስቱ አገሩ ሁሉ «አበደ» አለ። ሐኪሞቹ ባይፖላር ነው አሉ፤ አንዴ ሰማይ የሚያወጣ፣ አንዴ ጉድጓድ የሚከት ሕመም። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ያየው የለም።

ሥራውን ተቀብዬ እዚያው እስክንድርያ ወዳለው ቤቱ ሄድኩ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በሩን ሳንኳኳ ራሱ ሳሙና በሳሙና የሆነ ሰውዬ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተልኝ።

«ውሃ ሄደብኝ!»

«እኔ... ለፊልሙ...»

«ገባኝ፣ እመቤት። ግን ዓይኔ ተቃጠለ! ወጥ ቤት በጀሪካን ውሃ አለ። በአላህ ያፍስሱልኝ!»

ካሜራዬን መሬት አስቀምጬ፣ ስሜን እንኳ ሳልነግረው፣ ያጎነበሰ ራሱ ላይ ውሃ አፈሰስኩ።

«ቀዘቀዘዎት?»

«ሞትኩ እንጂ! ... ግን ይጨምሩ።»

ሳቅሁ። የራሴን ሳቅ ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ታላቅ እህቱ አዋጢፍ፣ ከእሱ ጋር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር አፏ ላይ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ፊልም እየሠራን ነው» አላት ሹክሪ።

ሻይ እየጠጣን ሳለ ሳቁ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስታመም አያንሱኝ። ሌላውን ሁሉ ያንሱ። ያን ግን... ያን ጊዜ እኔ ቤት የለሁም።»

«ቃሌ ነው» አልኩት።

አዋጢፍ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ቃል እንኳ ከሁሉም ሰምተናል» አለች።

በእኛ አገር ዝናቡ ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ያን ክረምት ሙሉ ተመላለስኩ። ልጆች ሲያስተምር እቀርጸዋለሁ፤ ዜማውን በአፉ ያንጎራጉርላቸዋል፣ እነሱ ይመታሉ። እሱ ግን ካሜራ ፊት ኡድ አይነካም። «ለምን?» ስለው «እጄ ሰንፏል። ለቀረጻው መጨረሻ ቀን አንድ ዜማ አለኝ፤ ያኔ እጫወትልሻለሁ» ይለኛል። «እጫወትልዎታለሁ» ማለቱ መቼ እንደቀረ ሁለታችንም አላስታወስነውም።

አንድ ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ።

«ካሜራው የት አለ?»

«ቤት ተኝቷል።»

«አንቺስ?»

«እኔ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቻለሁ፣ ሹክሪ።»

ሶፋው ላይ ያለውን የስፌት ጨርቅ አነሳና ቦታ ሠራልኝ። ጋደም ስል ራሴን አላወቅሁም። ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንዳልነቃ ብሎ የመስኮቱን መዝጊያ በእጁ ይዞታል። ነፋስ እያንኳኳው ነበር ለካ።

«ይህን ያህል ሰዓት ይዘኸው ነው?»

«ሌላ ሥራ አልነበረኝም» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

ያን ቀን ወደድኩት። አልነገርኩትም።

የካቲት ላይ በአንድ ዓርብ ቀትር ደወለልኝ። ቃላቱ ይሽቀዳደማሉ። «ኢናስ! ዜማው ደረሰ! ጣራ ላይ ነኝ፤ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ!» ድምፁ ልክ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ካሜራውን ግን ይዤ ሄድኩ።

ጣራው ላይ በዝናብ ውስጥ፣ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ይጫወት ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... እንዲህ ያለ ኡድ ሰምቼ አላውቅም። ጣቶቹ አይታዩም። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ለአራት ቀን እንዳልተኛ በኋላ ነው የሰማሁት። መታመሙን አየሁ። ቃሌንም አስታወስኩ። እጄ ግን ቁልፉን ተጫነ።

ዞር ሲል የካሜራዬን ቀይ መብራት አየ። ፊቱ ወደቀ።

«ኢናስ... አንቺም?»

ከዚያ ሳቀና፣ እየተጫወተ፣ የጣራው ጠርዝ ላይ ወጣ። ካሜራውን አንገቴ ላይ ለቅቄው ጮህኩ። ስሙን እየጠራሁ፣ ቀስ ብዬ እየተጠጋሁ ለመንኩት። የሚሰማኝ አልነበረም። አዋጢፍና ጎረቤታቸው ደርሰው ከኋላ ወገቡን ይዘው አወረዱት። ኡዱ ወድቆ ተሰበረ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አዋጢፍ ደረቴን ገፋችኝ።

«መድኃኒቱን ለምን እንዳቆመ ታውቂያለሽ? መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል! 'ኢናስ ፊት እጄ እየተንቀጠቀጠ አልጫወትም' ብሎ፣ ከእኔ ደብቆ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጣለው ነበር። ላንቺ ብሎ! አንቺ ደግሞ ቀረጽሽው።»

ካሜራው አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ረሽዋን ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ፤ ድካም ይሁን ሞኝነት፣ ነገርኩት። ስልኩ ውስጥ ጮኸ።

«ፊልሙ እሱ ነዋ! መክፈቻችን ነው! ዛሬውኑ ላኪልኝ!»

«አልልክም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዕድልሽን እየገፋሽ ነው።»

«እየገፋሁ ከሆነም ደክሞኝ ነው፣ ረሽዋን» ብዬ ዘጋሁት። በሳምንቱ ከሥራው አሰናበተኝ።

ሹክሪ ሆስፒታል ስድስት ሳምንት ቆየ። ሁለቴ ልጠይቀው ሄጄ «ሊያይሽ አይፈልግም» ተብዬ ተመለስኩ። ሲወጣ የጣራው ቀረጻ ያለበትን ሜሞሪ ካርድ ይዤ አምስቱን ፎቅ ወጣሁ። ከፍቶ ቆመ። ከስቷል፤ እጆቹን ኪሱ ከትቷል።

«ይኸው። ቅጂ የለውም» አልኩት። «ቃሌን በልቻለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ግን የእኔ አይደለም፣ ያንተ ነው።»

መሄድ ስጀምር «ቆይ» አለ። «ብቻዬን ማየት አልችልም።»

ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ሦስታችን ተቀመጥን፤ እሱ መሐል፣ አዋጢፍ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ። መጀመሪያ እሱ ይታያል፤ ዝናቡ፣ ጣቶቹ፣ ቀዩ ዓይኑ። «አንቺም?» ሲል ይሰማል። ከዚያ ምስሉ ይገለበጣል። እርጥብ ሲሚንቶና የእኔ ጫማ ብቻ። ድምፁ ግን አልጠፋም ነበር።

«ሹክሪ! ውረድ የኔ ጌታ! ካሜራውን ተውኩት፣ እየው! ሹክሪ፣ እወድሃለሁ፣ ውረድልኝ...»

እንደዚያ ማለቴን እኔ ራሴ አላስታውስም ነበር። ፊቴ ተቃጠለ። አዋጢፍ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሲያልቅ ሹክሪ ወደ እኔ ዞረ።

«አልሰማሁሽም» አለ። «ወላሂ አልሰማሁሽም። የማስታውሰው ቀዩን መብራት ብቻ ነው።»

«መብራቱም እውነት ነው» አልኩት።

የቀረጻውን ደቂቃ ቆጣሪ አየ። «አራት ደቂቃ ካሜራ ነበርሽ። ሰባት ደቂቃ ሰው ነበርሽ።»

«ሰባት ይበልጣል» አለች አዋጢፍ፣ ፊቷን ሳትመልስ። አፍንጫዋን ጠርጋ ሻይ ልትጥድ ተነሳች።

ሹክሪ ቀረጻውን ራሱ አጠፋው። ከዚያ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋልኝ። ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ይሄን ማንሳት ትችያለሽ?»

«አንተ ከፈቀድክ።»

«ያ የጣራው ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ግን ማንንም አይሰማም። ይሄኛው ቀርፋፋ ነው። ከዚህኛው ጋር ነው የምኖረው።»

ያያችሁት ፊልም ያ ነው። በተውሶ ኡድ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ እየሳተና እየጀመረ የተጫወተው ዘጠኝ ደቂቃ። ያለ ረሽዋን፣ በአንድ ካሜራ ጨረስኩት። መጀመሪያ ያየው ስልሳ ሰው ነው፤ ግማሹ የአዋጢፍ ደንበኞች ናቸው። አንዱ «ይንዛዛል» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፤ ይንዛዛል።

ፊልሙ ከታየ በኋላ አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን እንዲህ አለኝ።

«ከእኔ ጋር መኖር ያደክማል፣ ኢናስ።»

«ድሮም ደክሞኛል። ብቻዬን ከምደክም...»

«አትቀልጂ። እንደገና እታመማለሁ። ምናልባት አይደለም፤ እታመማለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔስ?»

«ሐኪምህን እጠራለሁ። አዋጢፍን እጠራለሁ። ከዚያ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከዚህ የበለጠ አልችልም፣ ሹክሪ። አድንሃለሁ አልልህም።»

እጁን ሰጠኝ። ያዝኩት። መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ የእኔም እጅ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ይበቃኛል» አለ።

በሰኔ ተጋባን። ምስክሮቻችን ያ ጎረቤትና የሠፈሩ መድኃኒት ሻጭ ነበሩ። አዋጢፍ ቀሚሴን ሰፋችልኝ። ስትለካኝ መርፌ ወጋችኝና «ይሄ ለአራቱ ደቂቃ ነው» አለችኝ።

ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው። ሁለት ጊዜ ታሟል። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለተኛው፣ ባለፈው መስከረም የጀመረው፣ ከአልጋ የማይነሳበት ዓይነት ነው፤ ሁለት ወር አላናገረኝም። አንዳንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሼ ነው የምገባው። ይህን የምነግራችሁ «ፍቅር ሁሉን ይፈውሳል» እያላችሁ ስለምትጽፉልኝ ነው። አይፈውስም።

ትናንት ከሐኪሙ ስንመለስ ከትራሙ ሁለት ፌርማታ ቀድመን ወረድን፤ ሁለታችንም መቆም አቅቶን። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ ስኳር ድንች በወረቀት ገዛን። ሹክሪ ልጦ፣ ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጠኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ደከምሽ አይደል?»

«በጣም።»

«እኔም።»

ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ትራም መጣ፤ ሌላም መጣ። አሳለፍናቸው።

«እንሂድ?» አልኩት።

«ትንሽ ቆይተን» አለኝ።

ትንሽ ቆየን።