አልለወጥ ያለው ገጽ

የሰሊጥ ጥራት ተቆጣጣሪው ማተቤ የመጋዘን ሁለትን በር ከፍቶ እንደገባ በደረቱ ተደፍቶ ቀረ። ቁስል የለበትም። ውስጡ የነቀዝ መድኃኒት ታጭሶበት ነበር፤ ያንን አየር የሳበ ሰው በእግሩ አይወጣም። በእጁ የያዘው ስልክ ላይ ግን የድርጅቱ ድረ ገጽ «መጋዘን ሁለት፦ ክፍት» ይላል።

ኢንስፔክተር አየሁሽ ገንዳ ውሃ ከተማ ስትደርስ ጥፋተኛዋ ተለይታ፣ የእምነት ቃሏም ተጽፎ ጠበቃት። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አየሁሽ ደግሞ ሌላ ሰው ያላመጠውን መዋጥ አትወድም።

«አልፈርምም!» አለች የሰርቨር ባለሙያዋ ምስራቅ ወረቀቱን ገፍታ። «ብታስሩኝም አልፈርምም!»

«ሰርቨሩን አጥፍታ ያስነሳችው እሷ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ እንዳለው ላቡን እየጠረገ። «ገጹ ክፍት ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምኑ ይመረመራል?»

«አስነሺው ያላት ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ገጹ ተጣብቆ አልለወጥ ቢለኝ ደወልኩላት። ማዘዝ ሥራዬ ነው።»

አየሁሽ ከእሱ ዞር አለች። መድኃኒቱን ያጨሰችውን ረፊቃን ጠየቀቻት።

«ማታ አጭሼ፣ ገጹን ዝግ አልኩት። ሳምንት ሙሉ አይከፈትም። ወላሂ፣ ጠዋትም ዝግ ሲል አይቼዋለሁ» አለች ረፊቃ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «ምስኪን ማተቤ! ሰሊጡ በስውር ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት እየተሻገረ ነው፣ ለፖሊስ እናገራለሁ እያለ ነበር።»

ምስራቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «ለሰው የትኛው ገጽ እንደሚታይ የሚያዝዘው ይህ ፋይል ነው። አንድ መስመር ተቀይሮ፣ መጋዘኑ ክፍት የነበረበትን ያለፈውን ወር ገጽ እንዲያሳይ ተደርጓል። ሰርቨሩ ግን ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ አዲሱን ትእዛዝ አያነብም።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል?»

«እዚህ ያለነው ሦስታችንም። ግን እኔ አሮጌውን ሳልገለብጥ ፋይል ነክቼ አላውቅም። የዚህ ቅጂ የለም።»

«ለማሳሳት ትታው ነዋ!» አለ እንዳለው።

አየሁሽ ሦስቱንም ሰርቨሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ቅጂውን እንተወው። ፋይሉ ተቀየረ፤ ገጹ ግን ሰርቨሩ እስኪነሳ ድረስ ዝግ እንዳለ ቆየ። ረፊቃ ዝግ ሲል አይታ ምንም አልመሰላትም፤ ሳምንት ሙሉ ዝግ መሆን ነበረበታ! አቶ እንዳለው ብቻ አልለወጥ አለኝ ብለው ደወሉ።» ወደ እሱ ዞረች። «ምን እንዲለወጥ ነበር የሚጠብቁት?»

እንዳለው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ለውጡን የሚጠብቅ የለወጠው ሰው ነው። አልሠራ ሲልዎ በምስራቅ እጅ አሠሩት። ሰሊጡን የሚያሻግሩት እርስዎ ነዎት፤ ማተቤም ከመናገሩ በፊት ዝም አለልዎ።»

«አንቺ! ከነማን ጋር እንደምውል ታውቂያለሽ?» ጮኸ። «ምንም ወረቀት አልፈርምም!»

«አይፈርሙ» አለች አየሁሽ ካቴናውን እያወጣች። «ፊርማ የሚለምን ማስረጃ ያጣ ሰው ነው።»

ምስራቅ የእምነት ቃሏን ቀዳ ጣለችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ፋይሉን ገለበጠች፣ ቀጥሎ መስመሩን መለሰች፣ ሰርቨሩንም አስነሳች። ገጹ «መጋዘን ሁለት፦ ዝግ» አለ። ማተቤ ማየት የነበረበት እሱን ነበር።