ጨዉ ልክ ነው

«ምላስ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ግንባሩን የሾርባ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደፍቶ ሞቷል። ሳህኑ ባዶ ነው። እንዲያውም በዳቦ ተጠርጎ የታጠበ መስሏል።

ይህ ሰው በየሳምንቱ በሬዲዮ ቀርቦ የት እንደሚበላ ለአካባቢው ሁሉ የሚነግር ነበር። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰውን ሴትዮ፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ በግ የሚጠብሱትን መንትያ ወንድማማቾች፣ ተራራው ግርጌ አይብ የሚሸጡትን ሽማግሌ ያገነነው እሱ ነው። «ጨዉ ልክ ነው» ያለለት ቤት በማግስቱ ወንበር አይገኝበትም፤ አፍንጫውን የነፋበት ቤት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል።

መርማሪዋ የተጠራችው ምሳ ሳትበላ ነበር። ይህ ለማንም ደግ አይደለም፤ ሆዷ ባዶ ሲሆን ትዕግሥቷም አብሮ ይሟጠጣል። ገና በሩን ስታልፍ አለቃዋ ደወለላት።

«ሾርባውን የሠራችውን ሴት ይዘሽ ነይ። ቤቱንም አሽጊው። ምን የሚያመራምር ነገር አለው?»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ገና ኮቴን አላወለቅሁም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ወጥ ሠሪዋ የቤቱ ባለቤት ናት። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች፤ እጇን ሽርጧ ውስጥ ቀብራለች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አልክድም። ግን ቀምሼ ነው ያወጣሁት። እኔ ሳልቀምስ ከዚህ በር የሚወጣ ሳህን የለም። እንደሚመጣ ስሰማ የመጀመሪያውን ድስት አልወደድኩትም፤ ደፍቼ እንደገና ሠራሁ። ‹ልክ ነው› እንዲለኝ ነበር የምጸልየው። ይሄ ቤት ከታሸገ እኔና ወንድሜ መግቢያ የለንም፤ እኔማ እስር ቤት ልግባ፣ እሱስ?»

«ገና ማንም የትም አልገባም። ተረጋጊ፣ ልጄ።»

ሐኪሙ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። መስኮቱ ሥር ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ የተገኘ ትንሽ ጠርሙስ አሳያት።

«መርዙ ይኸው። የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ይህን መርዝ አውቀዋለሁ፤ ምሬቱ አይጣል ነው። ጠብታው ምላስ ሲነካ ሰው ጮሆ ይተፋዋል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሳህኑን ጠርጓል።»

«በዚያ ላይ አገር ያወቀው ቀማሽ ነው» አለች መርማሪዋ። ሳህኑን ትኩር ብላ ስታየው ቆየች።

አስተናጋጁ የወጥ ሠሪዋ ወንድም ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሳህኑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሚስታቸው እትዬ እንዲበርድላቸው ብለው አማሰሉላቸው።»

«በየትኛው ማንኪያ?»

«በጋሼ ማንኪያ። ከዚያ በሉ። ‹ጨዉ ልክ ነው!› ሲሉ እኔ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። እህቴን አቅፌ ስንዘል… ስንመለስ እንደዚህ ሆነው አገኘናቸው።»

የሟቹ ሾፌር ውጭ መኪናዋን ተደግፎ ያጨሳል። ሳህኑ ሲቀርብም ሰውየው ሲሞትም መኪና ያላግባብ በማቆሙ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር፤ ትራፊኩም ይህንኑ መስክሯል፣ ቅጣቱን ግን አልማረውም።

«ጋሼ ክፉ ናቸው፤ እግዜር ይማራቸውና» አለ ሾፌሩ። «ለእትዬ ግን ፍቅራቸው ሌላ ነበር። እትዬ ሳይቀምሱ ጋሼ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። እትዬ ከሳቸው ሳህን በራሳቸው ማንኪያ አንዴ ይቀምሱና ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል። አንጋለው ካኖሩት ጋሼ ያሞግሳሉ፤ ከደፉት ያዋርዳሉ። የባልና ሚስት ጨዋታ ነው እያልኩ እስቃለሁ።»

«አብረሃቸው በልተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሻይ ነው የማፈላላቸው። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ሞጅሬባቸው፣ ፉት አሉና ‹አሁን ገና ነቃሁ› አሉኝ። እንዳላፍር ብለው ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እሳቸው ደግሞ የሰው ማፈር ግድ የሚሰጣቸው ሰው አልነበሩም።»

መርማሪዋ ማስታወሻ መያዙን ተወችው። ከባሏ ጋር በዚህ ሰው ቃል ስንት ቤት ዞራለች! ዓሣውም በጉም አይቡም እንዳለው ሆኖ ነው ያገኘችው፤ በጨው አንድ ቀን እንኳ አላሳሳታትም። ታዲያ ጨውን ከስኳር የማይለይ ሰው እንዴት ያን ሁሉ አወቀ? ነገሩ ሲገባት ወገቧን ይዛ ቆመች። ለዓመታት መታለሏ አናደዳት።

የሟቹ ሚስት መስኮቱ አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ዛሬም ቀምሰውለታል፣ እመቤት?»

«ሁልጊዜ እቀምስለታለሁ። ዛሬም በራሴ ማንኪያ አንዴ ቀመስኩ።»

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ጎንበስ አለች። የሚስትየዋ ማንኪያ እንደተንጋለለ ነው። ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ፊቷን አየችበት። አጠገቡ ያለው የወረቀት ናፕኪን ከእጥፋቱ አልተፈታም። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሌላ ንጹሕ ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ነከረችና አወጣችው። የሾርባው የበግ ስብ ማንኪያው ላይ ተጋግሮ ቀረ።

አራቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ ነው፤ ሐኪሙ መርምሮታል፣ ምንም የለበትም።

«መርዙ መራራ ነው» ብላ ጀመረች። «ማንም አንዴ ቀምሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የመረዘው ሰው ሟቹ እንደማይተፋ ያውቅ ነበር። ‹ምላስ› ምላስ አልነበረውም። ጨው የገባበትን ሻይ አጣጥሞ ጠጥቷል።»

«ምን?» አለች ወጥ ሠሪዋ። «እኔ እኮ ለእሱ ብዬ ድስት ሙሉ ሾርባ ደፍቻለሁ!»

«አዎ፤ ለዚህ ነው አንቺ ያልሆንሽው። አንቺም ወንድምሽም በምላሱ ታምኑ ነበር። የሚያምን ሰው መራራ መርዝ አይመርጥም። ሾፌሩ የሻዩን ነገር አይቷል፤ ግን ውጭ ነበር። የሚቀረው የሚቀምስለት ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሚስትየዋ ላለመመልከት ሞከሩ። ሁሉም ተመለከቷት።

«ቀምሻለሁ ብለዋል፣ እመቤት። ከቀመሱ ማንኪያዎ ስብ ይይዝ ነበር፤ ጠርጌዋለሁ እንዳይሉ ናፕኪንዎ አልተፈታም። በእሱ ማንኪያ አማሰሉለት፤ መርዙን ያኔ ጨመሩ። ከዚያ የራስዎን ማንኪያ ሳይነክሩ አንጋለው አኖሩለት። ‹ጥሩ ነው፣ ብላ› አሉት። አምኖዎት በላ።»

ሚስትየዋ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች።

«ከታመመ ወዲህ ምላሱ ምንም ጣዕም አይለይም ነበር። እንጀራችን እንዳይቋረጥ ምላሴን ሰጠሁት። ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት በላን፤ ትንሽዬ ምግብ ቤት ነበረቻት። ማንኪያዬን አንጋለልኩለት። እሱ ግን በሬዲዮ ‹የሳህን እጣቢ የሚያስመሰግን ሾርባ› አለ። ለምን ስለው ‹ሰው ስድብ ሲሰማ ይስቃል፤ ሙገሳ ሰልችቶታል› አለኝ። እናቴ ቤቷን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። እኔ ላጉርስሽ እያልኳት ሞተች።»

«ለምን እዚህ ቤት?» አለች መርማሪዋ።

«ሾርባው ወፍራም ስለሆነ፤ የተጨመረበት ነገር አይታይም።»

«ይቺ ልጅ ልትታሰር ነበር።»

«ስለ እሷ አላሰብኩም» አለች ሚስትየዋ፤ እውነቷን ነበር።

አንድ ፖሊስ የሚስትየዋን ክንድ ሲይዝ ወጥ ሠሪዋ መንገዱን ዘጋች። የምትለው አሳፍሯታል፤ ግን አላስቻላትም።

«እትዬ… የእውነቱን ቀማሽ እርስዎ ከሆኑ… ሾርባዬ ግን እንዴት ነው?»

ሚስትየዋ አየቻት። ማንኪያ ተቀብላ ከድስቱ ቀዳች፤ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች።

«በዚህ አካባቢ ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጣል» አለች። የወጥ ሠሪዋ ፊት ፈካ። «ግን ማንም አይመጣልሽም። ሰው የሞተበት ሾርባ ነው የሚሉት።»

ወሰዷት።

«አትስሚያት» አለች መርማሪዋ። «እኔ አለሁ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ቅጂልኝ።»

ወጥ ሠሪዋ እየተጣደፈች ቀዳችላት፤ ዳቦም ቆረሰችላት። ሾርባው ይተናል፣ ሽታው ያስጎመጃል። ንጹሕ መሆኑን ከመርማሪዋ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማንኪያውን ሞልታ አነሳችና ወደ አፏ አስጠጋች። እጇ እዚያው ቆመ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ማንኪያው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ወጥ ሠሪዋ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ሳህኑን ከፊቷ አነሳችና ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።