ለሌላ ሕፃን የተቆጠበ ስም

ወንዙ እስከ ቅዳሜ ካልጎደለ ምን ይበጃል? ወይዘሮ ሄስተር ፋን ዴር ሌክ ከነጋ ጀምሮ ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። ዘመኑ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስት ነው፤ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በኬፕ ምድር የነሐሴ ዝናብ ገና አላባራም፤ በረዶው በተራሮቹ ራስ ላይ እንደ ነጭ ሻሽ ተጠምጥሟል፤ ከእርሻው በታች የሚያልፈው ወንዝም ደፍርሶ፣ ግንድ እያላጋ፣ የሠረገላውን መሻገሪያ ውጦታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ የአንድ ቀን የበሬ መንገድ ነው፤ ቄሱ የሚያጠምቁት እሑድ ብቻ ነው፤ ሐራጁ ደግሞ ማክሰኞ ነው።

ባለቤታቸው ባሬንድ በግንቦት አርፈዋል። በአገሩ ደንብ የሟች ንብረት ግማሹ ለሚስት፣ ግማሹ ለልጆች ነው፤ ለመካፈል ሲባልም ሁሉ በሐራጅ ይወጣል። መሬቱ ራሱ አገሩን የሚገዛው የሆላንድ ነጋዴዎች ኩባንያ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ ወሰኑም የተለካው እንደ ልማዱ ፈረስ ከደጃፍ ተነሥቶ ወደ አራቱም ማዕዘን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በእርምጃ ሲሄድ በደረሰበት ነው። ባሬንድ ለዚያች ቀን ቅልጥመ ረጅም ፈረስ ከጎረቤት ተውሰው ነበር እየተባለ እስኪሞቱ ድረስ ተስቆባቸዋል። የቤተሰቡ የሚባለው እንግዲህ ቤቱ፣ ዛፎቹና የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ነው፤ ከሚንቀሳቀሰውም ውስጥ ማርት አለችበት።

ማርት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከባታቪያ በመርከብ የመጣች ባሪያ ነበረች፤ በፈንጣጣው ዘመን ሞተች። አባቷ የወይዘሮ ሄስተር የበኩር ልጅ ጊሊስ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረውም አልነበረም። ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላልና እርሷም ባሪያ ናት። የተጠመቀ ባሪያ እንዳይሸጥ ግን ሕግ አለ።

ታዲያ ምነው ሳትጠመቅ ቀረች? ነገሩ ከስም ይነሣል። በእነርሱ ወግ ከወንድ ልጅ ሴቶች ልጆች አንዷ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች፤ ባሬንድና ጊሊስም «ሄስተር የሚለው ስም ከሕጋዊት ሚስት ለምትወለደው ይቆጠብ» አሉ። ወይዘሮ ሄስተር በበኩላቸው «በሌላ ስም ካጠመቅናትማ ዘሬን መካዴ ነው፤ እንግዲያው እንጠብቅ» ብለው ቆረጡ። ተጠበቀ። የጊሊስ ሚስት ያኮሚና ስድስት ወንዶች ወለደች፤ ሴት አልመጣችም። ልጅቷ እንደ ባሮች ልጆች ሁሉ በተወለደችበት ወር ስም ማርት፣ በእነርሱ ቋንቋ መጋቢት፣ ተብላ አደገች።

ያን ሐሙስ ጊሊስ ከወንዙ እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ ተመለሰ።

«ጎደለ?» አሉት እናቱ።

«ጨመረ እንጂ። ትናንት የጎረቤታችንን የዲርክን በሬ ወስዶታል።»

«በፈረስስ?»

«እማዬ፣ በሬ የወሰደ ውኃ ለፈረስ ያዝናል?»

ማርት ከምድጃው አጠገብ የደረቀ ኮክ ትለቅም ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ውኃውማ ሞልቷል እሜቴ። ቄሱን ያስጠሩልኝና እዚያው ይንከሩኝ» አለች።

ጊሊስ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፈረና ባርኔጣውን ማገላበጥ ጀመረ። ወይዘሮ ሄስተር ልጅቷን ዶሮዎቹን እንድታይ ላኳትና በሩ ሲዘጋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማክሰኞ አንተ ተጫረትላት። ከእኔ ድርሻ ይቆረጥ። እኔ መበለት ነኝ፤ ሴት ጨረታ ላይ አትቆምም።»

«አማቼ አጠገቤ ይቆማሉ። ሰፈሩ ምን ይላል?»

«ሰፈሩ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? እጅህን አንሣ ነው ያልኩህ ልጄ፤ አፍህን ክፈት አላልኩህም።»

«እሺ እማዬ» አለ፤ እሺታውን ግን ለወለሉ ነበር የሰጠው።

ወንዙ ሰኞ ጎደለ፤ ማክሰኞ ገዢዎቹ እግራቸው ሳይረጥብ ተሻግረው መጡ። በሐራጅ ቀን ወይን የሚያጠጣው ሻጩ ቤት ነውና የባሬንድ በርሜሎች ተከፈቱ፤ ወንዶቹ በግቢው ክብ ሠርተው ቆሙ። ወይዘሮ ሄስተር ዶሮ እንዳይገባ የታችኛው ግማሽ በተቀረቀረው በር ላይ ተደግፈው ይመለከቱ ነበር። ሠረገላው ተሸጠ። የብራንዲ ማውጫው መዳብ ጋን ተሸጠ። ቀጥሎ ማርት ወጣች።

«ምግብ ታበስላለች፣ ትሰፋለች፣ ጤነኛ ናት» አለ ሐራጅ ባዩ።

«ምላሷስ?» አለ ዲርክ፤ «ምላሷን ከዋጋው ቀንሱልኝ፤ በሬዬን ወንዝ ወስዶብኛል።» ሰዎቹ ሳቁ።

ዲርክ ዋጋ ጠራ። ሌላው ጨመረ። ዲርክ ደገመ። ጊሊስ ከአማቱ ጎን ቆሟል፤ ቀኝ እጁ ጽዋ ይዟል። ያ እጅ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ የእናቱ ልብ አብሮት ተነሣ፤ ከከንፈሩ ሲደርስ ቆመ፤ ጠጣበት። የሐራጅ ባዩ መዶሻ ወረደ።

እንግዲህ ከብዙ ዘመን በኋላ የፋን ዴር ሌክን ሐረግ የቆጠሩ ሰዎች ስድስቱን ወንዶች ከነሚስቶቻቸው፣ ከነመቃብራቸው አግኝተዋል፤ ከአያቲቱ ወዲህ ግን ሄስተር የምትባል በሐረጉ ውስጥ የለችም፤ ስሙ እንደ ተቆጠበ ቀረ። ማርት የተባለች ደግሞ በሐራጁ መዝገብ ከመዳቡ ጋን ቀጥላ ትነበባለች፤ የማን ልጅ እንደ ሆነች አልተጻፈም። ታሪክ ሁለቱንም ስሞች ጠበቃቸው፤ ማስተዋወቁን ግን ማንም አላሰበው።

በዚያ ቀን ማርት ጥቅልሏን ልትወስድ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ወይዘሮ ሄስተር የገዛ ነጠላ ሻላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«ራስሽን ሸፍኚ። የዲርክ ወጥ ቤት ነፋስ ያስገባል፤ ሳሉ ከተነሣብሽ ማር በሙቅ ውኃ ጠጪ። ከምድጃው ርቀሽ አትተኚ። ሰማሽ?» ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ሄስተር» ብለው ጠሯት።

ልጅቷ ትኩር ብላ አየቻቸው። ሻሉን አወለቀች፤ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች፤ የበሩን የታችኛውን ግማሽ ከፍታ ወጣች፤ ዶሮዎቹ እንዳይገቡም ከውጭ መልሳ ቀረቀረችውና ሄደች።