ከኋላ የተቀመጠችው

«ከኖሚ ጋር ስትሆኚ ትንሽ ለቀቅ ታደርጊያለሽ፤ በቃ!» አለች ብሪን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አራት ሆነው ረጅሙን የቀዘፋ ጀልባ በትከሻቸው ተሸክመው ከሽኩልኪል ወንዝ ወደ መጋዘኑ እየወጡ ነበር። ብሪን ከፊት፣ ዳርሲ ከኋላዋ። ብሪን ረጅም ስለሆነች እንደ ወትሮዋ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ነው የምትራመደው። ቀጥ ካለች ጀልባው ከአጭሯ ከዳርሲ ትከሻ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲህ ጎንበስ ስትልላት ኖራለች።

ነገ ቅዳሜ የወንበር ፈተና ነው። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ይሽቀዳደማሉ፤ ከዚያ ከአንዱ አንዲት ልጅ ከሌላው አንዲት ልጅ ቦታ ይለዋወጡና እንደገና ይሽቀዳደማሉ። የቀሩት ስድስት ልጆች በሁለቱም ዙር እኩል ከሳቡ፣ የሚታየው ልዩነት የተለዋወጡት የሁለቱ ነው። ነገ የሚለዋወጡት ብሪንና ኖሚ ናቸው፤ ዳርሲ ከሁለቱም ጋር በየተራ ትቀዝፋለች። ምርጦቹ በሚቀዝፉበት በአንደኛው ጀልባ የቀረችው ወንበር ደግሞ አንድ ብቻ ናት።

«በናትሽ ዳርሲ! ቀዛፊ የምትመርጠው የኮሌጅ አሰልጣኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጣ የምታየው አንደኛውን ጀልባ ነው። እዚያ ከሌለሁ ማን ያየኛል?»

«ማጭበርበር እኮ ነው።»

«አታካብጂ! ስንት ኪሎ እንደሳብሽ ማን ይለካል?»

ዳርሲ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ብሪን ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥራ ፈገግ አለች፤ ዳርሲም አላረመቻትም። ኖሚ ዘንድሮ የመጣች፣ ብዙ የማታወራ፣ በየጠዋቱ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የምትደርስ ልጅ ናት። የዳርሲ ጓደኛ አይደለችም፤ ግን ምንም አላደረገቻትም።

ዳርሲ ቤት ስትደርስ እናቷ ሎረል በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የሥራ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ረጅም ሳንድዊች ትገምጣለች። ሎረል የጎታች ጀልባ ካፒቴን ናት፤ ፎቅ የሚያካክሉ መርከቦችን በዴላዌር ወንዝ ላይ እየሳበች ወደብ ታስገባለች። ኮሌጅ ሳለች ቀዛፊ ነበረች። በቀዘፋ ወግ የተሸነፈ ቡድን ማሊያውን አውልቆ ለአሸናፊው ያስረክባል፤ ሎረልም ከስንትና ስንት ኮሌጅ የማረከችውን ማሊያ ዛሬ የዘይት መጥረጊያ አድርጋዋለች። የዚያን ጊዜ ጓደኞቿ አሁንም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተገናኝተው ይቀዝፋሉ። አንዷ ዳኛ ናት፣ አንዷ የጭነት መኪና ትጠግናለች፣ ዳርሲ ስትወለድ እናቷን ያዋለደችው ሐኪምም ከመካከላቸው ናት። ሲሰበሰቡ ሳቃቸው ሰፈሩን ይረብሻል። ዳርሲ እነሱን ባየች ቁጥር፣ እኔም እንዲህ ባረጀሁ ትላለች።

«እማ» አለች አጠገቧ ተቀምጣ፤ «የወንበር ፈተና ላይ ሆን ብለሽ ጉልበትሽን ቀንሰሽ ታውቂያለሽ?»

እናቷ ማኘኳን አቆመች።

«አንዴ። የመጨረሻው ዓመት ላይ። ለጓደኛዬ ብዬ።»

«ማን ተጎዳ?»

«ሬናታ።»

ዳርሲ ክው አለች። ሬናታ የእናቷ አለቃ ናት። በየገናው ኬክ ይዛ የምትመጣው ሬናታ! እናቷ በወጣትነቷ ሦስት ቦታ ሥራ ጠይቃ፣ ሦስቱም ከላይ እስከ ታች አይተው ሲሸኟት፣ የቀጠረቻት እሷ ናት።

«ታውቃለች?»

«ሥራ ልጠይቅ ስገባ ከጠረጴዛው ጀርባ ያገኘኋት እሷን ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ‹ሬናታ፣ ያን ቀን እኔ...› ብዬ ስጀምር፣ ‹አውቃለሁ፤ ከኋላሽ ነበርኩ እኮ› አለችኝ።»

«እንዴት አወቀች?»

«አንቺም ታውቂዋለሽ። መቅዘፊያ ከውሃ ሲወጣ ሽክርክሪት ትቶ ይሄዳል። ከምርሽ ከሳብሽ ጥልቅና ጥቁር ነው፤ ካስመሰልሽ አረፋ ብቻ ነው። ከኋላሽ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሌላ ምን ያያል?»

ዳርሲ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«ታዲያ ለምን ቀጠረችሽ?»

«እኔም ጠየቅኳት።» እናቷ ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። «‹ሦስት ዓመት ተኩል ከኋላሽ ቀዝፌያለሁ፤ በረዶ ሲጥል፣ ስንሸነፍ፣ አሞሽ እያስመለሰሽ። ያቺ አንዲት ጠዋት ናት። የቀሩትንም አይቻለሁ› አለችኝ።» ዓይኗ ውሃ አቀረረ፤ አልደበቀችውም። «አንደኛው ጀልባ ያን ዓመት ለአገር አቀፍ ውድድር ሄደ። እሷ ዳር ቆማ አጨበጨበችልን። ያንን መቼም ልመልስላት አልችልም።»

«ወንበሩን ያገኘችው ጓደኛሽስ?»

«ሳንጣላ ተራራቅን። እኔን ስታይ ወንበሩ የእሷ እንዳልነበረ ትዝ ይላት ነበር መሰለኝ።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ምነው ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ።»

እናቷ አልወተወተችም። እጇን በአንዱ ምርኮኛ ማሊያ ጠርጋ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ወንዙ ላይ ጉም ነበር። ዳርሲ መቅዘፊያ የያዘችውን ብሪንን ክንዷን ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት።

«ካንቺም ጋር፣ ከእሷም ጋር እኩል ነው የምስበው።»

«ምን?» የብሪን ፊት ቀላ። «እሺ ብለሽኝ የለም እንዴ!»

«አላልኩም። ትናንትናውኑ እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እንዳትቀየሚኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ላንቺ ግን ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ። እመኚኝ።»

«ምን ዓይነት ጓደኛ ነሽ?» አለች ብሪን። አሰልጣኟ ኮች ሄስ «ወደ ጀልባ!» ብላ ጮኸች።

በመጀመሪያው ዙር ብሪን ከዳርሲ ኋላ ተቀመጠች። ዳርሲ ጭኖቿ እስኪቃጠሉ ድረስ ሳበች። ጀልባቸው በአንድ ወንበር ርቀት ቀደመ። ከዚያ ብሪን ወጣች፤ ኖሚ ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ኖሚ ከኋላ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው። ዳርሲን ሳቋ አመለጣት።

ሁለተኛው ዙር እኩሌታው ላይ ዳርሲ አንድ ያላሰበችው ነገር ገባት። ደክሟታል። ከፊተኛው ዙር እኩል ለመሳብ አሁን የበለጠ መሳብ አለባት። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ድካሟን ብትከተለው ይበቃል። ብሪን በጎን ባለው ጀልባ እያቃሰተች ስትስብ ይሰማታል፤ አንጀቷን በላቻት። መቅዘፊያዋ ከውሃ ሲወጣ የተወውን አየች። አረፋ ነበር። ጥርሷን ነክሳ እግሯን አጠነከረች። ቀጣዩ ጠቆረ። ከዚያ የቀጠለውም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ከኋላዋ የኖሚ ትንፋሽ ከእሷ ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይገባል።

በሦስት ወንበር ርቀት አሸነፉ። ኮች ሄስ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ወንበሯ የኖሚ ነበረች።

ብሪንና ኖሚ ወደየጀልባቸው ተመለሱ። ዳር ሲደርሱ ኖሚ ዳርሲን አየት አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀችላት፤ ብሪን ግን ማንንም አላየችም። ዓይኗ አብጧል።

«አንሱ!» አለች ኮች ሄስ።

አራቱ ጀልባውን አንስተው ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። ብሪን ከፊት ሆና መራመድ ጀመረች፤ ዛሬ ግን ቀጥ ብላ ነው። ጀልባው ከዳርሲ ትከሻ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ፤ የእሷ ድርሻ ክብደትም ረጅሟ ብሪን ላይ ወደቀ።

ዳርሲ አልጠራቻትም። የዛሉ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች፤ ድርሻዋንም እስከ መጋዘኑ በር ድረስ በእጇ ተሸከመችው።