ዘመድ የጻፈው ይነሣል

የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሕመምተኞች ስለ ሐኪሞቻቸው የሚጽፉት አስተያየት ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእሷ ዓይን ያልፋልና። ስድቡን ታስቀራለች፤ ሐሰቱን ትጥላለች፤ የቀረውን ከነኮከቡ ታሳልፋለች። የማታውቃቸው ሰዎች ቁጣና ምስጋና በጣቶቿ ሥር ሲያልፍ ይውላል። ለዚህም ይሆናል አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችለው፤ ሁለት አስተያየት ታነብና መስኮቱ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«አስተያየት እንዲነሣልኝ ነው የመጣሁት። የእጅ ሐኪም ነኝ።»

እንዲህ የሚሉ ሐኪሞች ብዙ አይታለች። «ስድብ ከሌለበት አናነሣም፤ ይቅርታዎን» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ስድብ አይደለም። ሙገሳ ነው።»

ያን ጊዜ ቀና አለች።

ስልኩን አቀበላት። ጮክ ብላ አነበበች፤ «ሌት ተቀን ለሰው የሚለፋ፣ ቁርሱን እንኳ በወጉ የማይበላ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልበ ንጹሕ ሐኪም። አምስት ኮከብ ያንሰዋል።»

«እናቴ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«በምን ያውቃሉ?»

«ስለ ቁርሴ የሚጨነቅ ሌላ ሕመምተኛ የለኝም።»

ሳቋ አመለጣት። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ የሐኪሙ ዘመድ የጻፈው ይነሣል። ይህን ደንብ በራሴ ላይ ፈጽሙልኝ ብሎ የመጣ ሐኪም ግን አይታ አታውቅም። አነሣችው። ከስሙ ጎን ያሉት ኮከቦች ሲጎድሉ ሁለቱም አዩ።

ከዚያ ወዲያ የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይገናኙ ጀመር፤ መጀመሪያ በአጋጣሚ፣ ኋላ አጋጣሚ እያስመሰሉ። «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደ ቀረ አንዳቸውም አላስተዋሉም።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት አንድ ቀን፤ «ይጠቅማል ይሄ ነገር? ሰው አንብቦ ሐኪም ይመርጥበታል?»

«ወንበሩን፣ ወረፋውን፣ የጸሐፊዋን ፊት ይመርጥበታል። ሰው የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው። አንተ ስትቀድደው እንዴት እንደምትቀድድ በምን ይወቅ? በማደንዘዣ ተኝቶ!» ትንሽ አሰበች። «ግን አንዳንዴ ከገለባው መሐል አንዲት ፍሬ ትገኛለች። ለእሷ ስል ነው የማነበው።»

«የክሊኒኩ ባለቤት ግን ሁሉንም ያምናል። ኮንትራት የሚያድሰው ኮከብ ቆጥሮ ነው።»

«ኮከብ ቆጣሪ ነዋ!»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ካላደሰልኝ ሥራ የማገኘው ሌላ ከተማ ነው።»

አውቶቡሷ መጣ። ሁልጊዜ ስትሳፈር አንድ የሚላት ነገር የቀረው ይመስላታል። አይልም። ያልተባለው ነገር እስከ ቤቷ ድረስ አብሯት ይሳፈራል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ ሰንብቷል፤ መርፌ እየወደቀ ያስቸግራቸዋል። ከሐኪሙ ጋር መተዋወቋን ሳትነግራቸው ወደ እሱ ላከቻቸው፤ ለእሱም አባቷ መሆናቸውን አልነገረችውም። ሲመለሱ ግስላ ሆነዋል።

«ይሄ ነው ሐኪም?» አሉ፣ የእጅ አንጓቸው ላይ የታሰረውን ድጋፍ እያወናጨፉ። «ቅደደኝና ገላግለኝ ስለው ‹እጅዎን ያሳርፉ› ብሎ አሰናበተኝ። እጄን ካሳረፍኩማ ሞቼ የለ!»

«አባዬ፣ ምክንያት ይኖረዋል።»

«ይኑረው! አፍ የለውም እንዴ? ይንገረኛ!»

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ከሚጠብቋት አስተያየቶች አንዱ እንዲህ ይል ነበር፤ «ሐኪሙ ትሑት ነው። ነገር ግን ለምን እንደማይቀድደኝ አላስረዳኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ ሕይወቴ ነው። አንድ ኮከብ።»

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ስድብ የለበትም። ሐሰትም የለበትም። ብታጠፋው የሚያውቅ የለም፤ ብታሳልፈው ሐኪሙ ከተማውን ለቆ ሊሄድ ነው። እሱ ግን የገዛ እናቱን ሙገሳ ያስነሣ ሰው ነው።

አሳለፈችው።

በዚያ ቀን ፌርማታው ላይ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ስልኳን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሳታውቀው ከቤቷ አልፎ ይወስዳታል።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አባቷ ሱቅ ስትገባ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሐኪሙ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሸሚዝ እጅጌ ይዟል።

«ነርቩ የሚያልፈው በዚህ ነው፣ አባባ» ይላል፣ በእጅጌው ጫፍ እርሳስ እያሾለከ። «ቦታው አብጦ ጠቦበታል። ቀድጄ ላሰፋው እችላለሁ። እብጠቱ በዕረፍት ከጎደለ ግን መቅደድ አያስፈልግም።»

አባቷ እጅጌውን ተቀብለው አገላበጡት። «ሳይለካ አይቆረጥም ነው የምትለኝ።»

«እሱን ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን እንዲህ አትለኝም ነበር?»

«ልክ ነዎት። ዝምታዬ ሰው እንደሚያስከፋ የነገረኝ የለም፤ ከእርስዎ በቀር።»

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉ አባቷ።

ሐኪሙ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ። «አባትሽ ናቸው? እያወቅሽ አሳለፍሽው?»

«እያወቅሁ።»

እጅጌውን አጣጥፎ አስቀመጠና ወጣ። ያን ዝምታ ልትተረጉመው አልቻለችም፤ ወዲያና ወዲህ ስታገላብጠው ከረመች።

አባቷ ድጋፉን አላወለቁም። ድንዛዜው ቀስ በቀስ ሸሸ። ክር በመርፌ ባስገቡበት ቀን የቀድሞውን አስተያየት ራሳቸው ሰርዘው ሌላ ጻፉ፤ «አስረድቶኛል። ድኛለሁ። አምስት ኮከብ።» አሳለፈችው። የሐኪሙ ኮከቦች ከፍ አሉ። እዚሁ ይቀራል፣ አለች በልቧ፤ ለእኔ ብሎ ባይሆንም ይቀራል።

በማግስቱ ያው ካፖርት ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«አስተያየት እንዲነሣልኝ ነው የመጣሁት።»

«የቱ?»

«የልብስ ሰፊው።»

«አብደሃል? ኮንትራትህ ነገ አይደል እንዴ የሚታየው!»

«ዘመድ የጻፈው ይነሣል። ደንቡ የእናንተ ነው።»

«አባቴ ዘመድህ አይደሉም።»

«እስካሁን አይደሉም» አለ። «እንዲሆኑ ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው፤ እውነቱን ለእኔ ስትይ ያልደበቅሽ ሰው ነሽና። ሙገሳቸውን ይዤ ብጠይቅ ደግሞ ማጭበርበር ይሆናል።»

ዓይኗን ከዓይኑ ማንሣት አቃታት። «እሺ ባልልህስ?»

«ያኔ ትመልሺዋለሽ። አምስት ኮከብ አተርፋለሁ።»

«መነሣቱ ሌላ ከተማ ቢያሰድድህስ?»

«መንገዱን ብቻዬን እንዳልሄድ ነው የመጣሁት።»

መስኮቱ ከኋላዋ ነበር። አልሄደችም። እጇን ዘርግታ አስተያየቱን አነሣችው። ኮከቦቹ ጎደሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱም አላዩአቸውም።