ከሰልፉ ጭራ የቆመችው ቃኚ

የጠረጴዛ ጨዋታ ፈልሳፊው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የብረት ማሞቂያውን ጠርዝ መትቷል። መርማሪዋ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት በሩን ተደገፈች። ለጡረታዋ ሦስት ወር ይቀራታል፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ጡረታ ወጥቷል።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለች የሟች እህት ከኋላዋ። «እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ከገበያ ቶሎ ብመለስ ኖሮ እደርስለት ነበር?»

ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት መቆየቱን ሐኪሙ ለመርማሪዋ በጆሮዋ ነግሯታል። ይህን ለእህትየው ለመንገር ግን አፏ አልታዘዘላትም።

«ቆይ እህቴ፣ እንደርስበታለን» ብላ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

እርሳሱም ማስመሪያውም መሬት ላይ ተበትነዋል። የጨዋታው መጫወቻ የሆኑት አራቱ ትንንሽ የጠፈር ጦር መርከቦች ግን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተሰልፈዋል፤ ክንድ የምታክለው እናት መርከብ ከፊት፣ ከዚያ አውዳሚዋ፣ ከዚያ አጭሯ አጃቢ። ከጭራ የቆመችው ባለ ሹል አፍንጫ ግን ከአውዳሚዋም ትረዝማለች። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። አንገቷ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ የሙጫው ሽታ ገና አልጠፋም።

«ወንድምሽ እንዲህ ነበር የሚደረድራቸው?»

«እኔ ስለ መርከብ ምን አውቄ! እሱ ግን ማንኪያ እንኳ በቁመት ነው የሚደረድረው። የኔንም እጅ አስለምዶታል።»

የጨዋታውን ስሌት የሚሠሩት ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ታች ሳሎን ተቀምጠዋል።

«መርከብ ርዝመቷ እጥፍ ሲሆን ክብደቷ ስምንት እጥፍ ነው» አሉ በደከመ ድምፅ። «እኛ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እናት መርከቧን እንደ ዱባ ስናሳብጣት ኖርን። በዚህ ሳምንት ሁሉንም በልክ ላድርግ ብሎ ተነሳ። ቃኚዋ፣ ያቺ ባለ ሹል አፍንጫዋ፣ ድሮ የመጨረሻዋ ትንሽ ነበረች። ሩቅ ስለምትሄድ ብዙ ነዳጅ መያዝ አለባት አለና ሁለተኛዋ ረጅም አደረጋት። ናሙናዋን መርከቦቹን ለሚሠራልን ቀራጭ ሳይሰጥ ራሱ ሠርቶ ትናንት አሳየኝ።»

«ቀራጩስ ያውቃል?»

«ዛሬ ሊነግረው ነበር። የሃያ ዓመት ሥራው ሊጣል እኮ ነው! ልጅህን ቅበር እንደማለት ነው።»

ቀራጩ በረንዳው ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል» አለ፣ ሳይጠየቅ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ላይኛው ክፍል ጠርታ ራሷ ወንበር ያዘች።

«ሌላው ዕቃ ሁሉ ተበትኖ መርከቦቹ ብቻ አይተርፉም። ግርግሩ ካለቀ በኋላ ሰው መልሶ አሰልፏቸዋል» አለች። «እህቱ ብትሆን በቁመት ትደረድራቸው ነበር። መምህሩ ቃኚዋ ሁለተኛ መሆኗን ያውቃሉ። አፍንጫዋን አይቶ ቃኚ መሆኗን የሚለይ፣ ቁመቷን ሳያይ ግን እንደ ድሮው ከጭራ የሚያቆማት፣ አዲሱን ሥርዓት ያልለመደ እጅ ነው። ቀራጩ፣ እንዲህ ያለ ሙጫ ለመያዝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሩብ ሰዓት ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው» አለ ቀራጩ፤ የተናገረው ባለሙያነቱ ነበር። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዛሬ ጠዋት ሩብ ሰዓት ይዘሃታል።»

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ ቀራጩ። «ሥራህ ሁሉ ተሽሯል ሲለኝ ገፋሁት። ጠረጴዛው ተናግቶ ሁሉም ወደቀ። ቃኚዋ አንገቷ ተቀንጥሶ ሳይ እጄ ዝም ብሎ አነሳት። የተሰበረ ትቼ ሄጄ አላውቅም።»

መርማሪዋ ቀጣዩን ጥያቄ ባትጠይቅ በወደደች። እህትየው ግን ዓይኗን ጥላባታለች።

«አንተ እሷን ይዘህ ስትቀመጥ፣ እሱ ምን ይል ነበር?»

ቀራጩ ወለሉን አየ።

«ውሃ» አለ። «ውሃ ስጠኝ ይል ነበር።»

መምህሩ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እህትየው አላለቀሰችም። ተነስታ ቃኚዋን ከጭራ አነሳቻት።

«ሁለተኛ ነው ያላችሁት፣ ቦታዋ?»

«አዎ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ።

ከእናት መርከቧ ኋላ አስገብታ አቆመቻት፤ ሌሎቹን አንድ አንድ እያለች ወደ ኋላ አስጠጋች።

«እኔ በዚያች ሰዓት» አለች፣ «ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።»