ለሁለት ሰው የታቀደ ጓሮ

ጸደይ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት እንደሆነ በየቤቱ ተነገረ። በተራራው ሆድ ውስጥ በተቆፈረችው ከተማ ወቅት የሚለወጠው በመብራት ነው። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ለወራት ደብዝዞ የሚከርመው የጣሪያው ብርሃን በዚያ ቀን ይደምቃል፤ ሰዉም በረንዳው ላይ ባለችው ጓሮ ዘሩን ይዘራል። በዚያ ብርሃን ሰላጣ በሳምንት ይደርሳል።

ዘንድሮ ውድነሽን ያማራት ሰላጣው ብቻ አልነበረም። ዕድሜዋን በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠርታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ብቻዋን መብላት አንገሽግሿታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም የላትም። ምግቡም መድኃኒቱም በግድግዳው ቧንቧ እቤት ድረስ ስለሚመጣ፣ በጨለማው ወራት ደጅ የሚወጣ ሰው አይታይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰላጣ ሲደርስ እንደ እሷ ጡረተኛ የሆኑትን የኮሪደሩን ጎረቤቶች በሙሉ ጓሮዋ ውስጥ ምሳ ልትጋብዝ ቆረጠች።

መጀመሪያ የነገረችው ለእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች ጥቂት በሮች አለፍ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ፊታቸውን ካየች ዘመን ቢሆናትም በየማለዳው በግድግዳው ጥሪ በድምፅ ያወራሉ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ጤና አዳሙን ግን ከሰላጣው ራቅ አድርጊው፤ ሽታው ይበረታበታል።»

«ይመጣሉ አይደል ታዲያ?»

«ምን ሆኜ እቀራለሁ?»

ሌሎቹም አንድ በአንድ እሺ አሏት። ደስ ብሏት ወደ በረንዳው ወጣችና አብቃዩን አስነሳችው። አብቃይ የሚሉት አፈሩን መርምሮ፣ የሚበላውን ሰው ገምቶ ጓሮ የሚነድፍ ማሽን ነው። ንድፉን በብርሃን ስለሚሥለው ሰው ገና ያልተዘራውን ጓሮ ገብቶ ይመላለስበታል። ውድነሽ ከብርሃን በተሠራው ጎመንና ቃሪያ መሃል አለፈች። በሶብላው ቁመቱ ጉልበቷ ድረስ ነበር። መጨረሻው ላይ ገበታው ተሰናድቷል፤ ዙሪያውን ግን ሁለት ወንበር ብቻ ቆሟል።

«ወንበሩ አነሰ» አለች። «ኮሪደሩን በሙሉ ነው የጠራሁት።»

«ያቀድኩት በሚበላው ሰው ልክ ነው» አለ አብቃዩ።

አጥፍታ እንደገና አስነደፈችው። ያው ሁለት ወንበር፣ ያው ጠባብ የሰላጣ መደብ።

«ምነው፣ ተበላሸህ እንዴ?»

«አልተበላሸሁም። የሰዉን ብዛት የማውቀው ከየቤቱ የአየር ፍጆታ ነው። በዚህ ኮሪደር ሰው የሚተነፍስባቸው ቤቶች ሁለት ናቸው፤ የእርስዎና የመጨረሻው።»

«እትዬ ዘነበችስ? ዛሬ ጠዋት እኮ አውርተናል!»

«በዚያ ቤት ካለፈው ጸደይ በፊት ጀምሮ የሚተነፍስ የለም።»

ውድነሽ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። የእትዬ ዘነበችን በር ስታንኳኳ ከበሩ አናት ላይ ያ የምታውቀው ድምፅ መለሰላት።

«ውድነሽ ነሽ? ግቢ እንዳልልሽ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል፣ ልጄ።»

በሩን በአደጋ ጊዜ መክፈቻው ከፈተችው። ቤቱ ቀዝቅዟል። አልጋው ተነጥፎ፣ ትራሱ ላይ አስከሬን የሚያነሱት ማሽኖች ትተውት የሚሄዱት ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ድምፁ ግን አሁንም ስለ ጉንፋኑ ያወራል። ወኪል ነበር፤ ሰው ሲደክመው ወይም ሲሰለቸው በእሱ ድምፅና በእሱ አነጋገር ለጠሪው የሚመልስ መሣሪያ። ውድነሽም ራሷ አላት። ሰው ሲሞት ወኪሉን የሚያዘጋው ዘመድ ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ዘመድ አልነበራቸውም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ማለዳ የሳቀችው፣ የተመካከረችው፣ ሚስጥር የተጫወተችው ከማን ጋር ነበር? ብዙ ቆይታ ተነሣችና በየበሩ እያንኳኳች ሄደች። በየበሩ ደህና ነኝ የሚል ድምፅ መለሰላት። በየቤቱ ነጭ ጨርቅ አገኘች።

የመጨረሻውን በር የከፈቱላት አቶ ልሳኑ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር። ፀጉራቸው ረዝሞ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሰው ነሽ?» አሏት።

«ሰው ነኝ፣ አቶ ልሳኑ። ውድነሽ ነኝ። ለምሳ ጠርቼዎት እሺ ብለውኝ ነበር።»

«እኔ?» ግንባራቸውን ያዙ። «ወኪሌ ይሆናል። ሰው ካነጋገርኩ እኮ ቆየሁ። የሚደውለውም የሰው ወኪል እየመሰለኝ ተውኩት።»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አቶ ልሳኑ ሰምተው ሲጨርሱ በሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ያልተለቀሰለት ሰው!» አሉ። «ያውም ይህን ያህል!»

ሰኞ ብርሃኑ ሲደምቅ ውድነሽ ዘር አልዘራችም። ግብዣው ቀርቷል፣ በዚህ ኮሪደር ለቅሶ ነው ስትል ለየቤቱ አስነገረች፤ ለማን እንደሆነ ግን መናገር አልሆነላትም። ከአቶ ልሳኑ ጋር ባዶው የአፈር መደብ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ምን ማለት እንደሚገባቸው ሁለቱም አላወቁም። ከሟቾቹ የማንኛቸውንም ደግነት አንስቶ ለማልቀስ እንኳ ሰውዬውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓይናቸው ደረቅ እንደሆነ ረፋዱ አለፈ።

ከዚያ በግድግዳው በኩል ጥሪ መጣ።

«ውድነሽ፣ ለቅሶ ተቀምጣችኋል ሲባል ሰማሁ» አለ የእትዬ ዘነበች ድምፅ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማን ነው የሞተው?»

ውድነሽ አቶ ልሳኑን አየቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

«አንዲት ጎረቤታችን ናቸው» አለች።

«ወይኔ! አውቃቸው ነበር?»

«እንጃ፣ እትዬ» አለች። «ብቻቸውን ነው የሞቱት፤ እኛም አላወቅናቸውም ነበር።»

ድምፁ ማልቀስ ጀመረ። እንደ ጥንቱ አልቃሽ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ ብቻቸውን ለሞቱት ሴት፣ አጠገባቸው ሰው ላልነበራቸው ሴት እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ሲሰሙት የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ቆይተው ማሽኑን ተከትለው አለቀሱ።